ሙሴ ፑቤልና ጨርቅ ለቃሚዎቹ

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። አንዱ ሐውልት ያቆማል፤ አንዱ መጽሐፍ ይጽፋል፤ አንዱ ልጅ ወልዶ ይጠራበታል። ዩዤን ፑቤል የተባለው ፈረንሳዊ ግን ስሙ ከመቃብር በላይ የዋለው በቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው። ዛሬ የፈረንሳይ ሕፃን «ፑቤል» ሲባል የሚታየው በየደጃፉ የሚቆመው በርሜል እንጂ፣ በ1831 ካን በምትባል ከተማ ተወልዶ በ1907 ያረፈው፣ የሕግ መምህር የነበረው፣ ኋላም በቫቲካን የአገሩ አምባሳደር እስከ መሆን የደረሰው ትልቅ ሹም አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ፣ «ዓ.ም.» ተብሎ በእኛ አቆጣጠር ካልተገለጸ በቀር፣ ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።)

ይህን ሰው እንዳነሣው ያደረገኝ አንድ ጥያቄ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶታል። በብዙ የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ከተሞች እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሦስት ባለጎማ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አለው። አንዱ ለወረቀትና ለማሸጊያ፣ አንዱ ለጠርሙስ፣ አንዱ ለሌላው ሁሉ ነው፤ ክዳናቸው በቀለም ይለያል። ቀኑ ሲደርስ ባለቤቱ እየገፋ ከመንገዱ ዳር ያቆመዋል፤ መኪና መጥቶ ይወስዳል። ይህን የሰማ ሰው ነገሩ ስለ አካባቢ ጥበቃ መነገር ከጀመረ ወዲህ የመጣ ፈሊጥ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን የቤት ቆሻሻ በሦስት ተለይቶ በሦስት ዕቃ እንዲወጣ ፓሪስ ላይ የታዘዘው በ1883 ነው። ታዲያ ትእዛዙ ከመቶ ዓመት በላይ ምን ይዞት ቆየ?

ፓሪስ ከጥንት ጀምሮ በግማት የታወቀች ከተማ ነበረች። የዘመኑ ዜና መዋዕል ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ንጉሥ ፊሊፕ ኦጉስት በ1185 ገደማ ከቤተ መንግሥቱ መስኮት ቆሞ ሳለ ሠረገሎች ያማሰሉት የጭቃ ሽታ አላስቆም ቢለው ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ድንጋይ እንዲነጠፍባቸው አዘዘ። ድንጋዩ ተነጠፈ፤ ጥራጊው ግን ከላዩ መጣሉን አልተወም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት እንኳ ልማዱ ያው ነበር። ማታ ማታ ሰው የቤቱን ጥራጊ አውጥቶ ከደጁ ይከምራል፤ ሲነጋ በፈረስ የሚጎተት ጋሪ መጥቶ በአካፋ ይዝቃል። የተዛቀውም ከከተማው ወጣ ብለው ለሚኖሩ አትክልት አብቃዮች በፍግነት ይሸጣል።

ከማታው ክምር እስከ ንጋቱ ጋሪ ባለው ጊዜ ግን ክምሩ ባለቤት ነበረው። እነዚህ ባለቤቶች በአገሩ ቋንቋ «ሺፎንዬ»፣ በእኛ ጨርቅ ለቃሚ የምንላቸው ናቸው። በጀርባቸው ትልቅ ቅርጫት፣ በአንድ እጃቸው ፋኖስ፣ በሌላው ጫፉ የተቆለመመ ብረት ይዘው ሌሊቱን ከክምር ክምር ይዞራሉ። በሚፑቤል ዘመን ቁጥራቸው በአሥር ሺሕዎች ይገመት ነበር። ወጉ የጨርቅ ለቀማ ይባል እንጂ ለይተው የማይወስዱት ነገር አልነበረም። ወረቀት ከእንጨት መሠራት ሳይለመድ በፊት ዋና ጥሬ ዕቃው ውራጅ ጨርቅ ነበርና፣ የፓሪስ ጋዜጣና መጽሐፍ የሚታተመው እነሱ ከጥራጊ ውስጥ ባወጡት ጨርቅ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። አጥንት የልብስ ቁልፍ ይሆናል፤ ሙጫ ይሆናል፤ ከስሎ ስኳር ማንጫ ይሆናል፤ ከእሱ የሚወጣው ፎስፈረስ ለክብሪት ይውላል። የሰርዲን ቆርቆሮ የልጆች መጫወቻ፣ ከማበጠሪያ ላይ የተለቀመ ፀጉር የወይዛዝርት ሰው ሠራሽ ሹሩባ ይወጣዋል። ፓሪስ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ያላገኘችው ቆሻሻ የመለየት ሥራ በነዚህ ሰዎች እጅ ነበር፤ ለማዘጋጃ ቤቱ አምስት ሣንቲም አላስወጣውም።

መንግሥት ግን በጥርጣሬ ነበር የሚያያቸው። ሌሊት የሚዞር ሰው መቼም አይታመንም። በ1828 የፖሊስ ሹሙ ባወጣው ደንብ እያንዳንዱ ጨርቅ ለቃሚ ማንነቱ የተቀረጸበት ሜዳይ እንዲይዝ ተደረገ፤ ያለ ሜዳይ መልቀም ተከለከለ። አራት ዓመት ቆይቶ ኮሌራ ገባ። በ1832 ወረርሽኙ በፓሪስ ብቻ ከ18 ሺሕ በላይ ሰው ሲገድል፣ ሹማምንቱ ክምሩ ቶሎ ይነሣ ብለው ቆሻሻውን በኮንትራት ለሚያነሣ ድርጅት ሰጡ፤ ጋሪዎቹም በምሽት ጭምር መዞር ያዙ። ጋሪው ቀድሞ ከዛቀ ለቃሚው ምን ይለቅማል? በኤፕሪል መጀመሪያ ጨርቅ ለቃሚዎች አደባባይ ወጥተው አዲሶቹን ጋሪዎች ሰባበሩ፤ አቃጠሉ። በሽታው በየቤቱ ሬሳ እያስወጣ ሰው ስለ ጥራጊ መጋደሉ ለባለጸጋው ዕብደት መስሎት ነበር። ለቃሚው ግን ኮሌራው ቢምረው ረሃቡ እንደማይምረው ያውቅ ነበር።

ሙሴ ፑቤል የሴን አውራጃ ገዢ ሆኖ የተሾመው በኦክቶበር 1883 ነው። ያን ጊዜ ፓሪስ ከንቲባ አልነበራትም፤ የከተማዪቱ አስተዳደር በእሱ እጅ ነበር። ዘመኑ የፓስተር ዘመን ነው። በሽታ ከጀርም እንደሚመጣ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ፤ ሁለት ሚሊዮን ያለፈው የከተማው ሕዝብ ግን ጥራጊውን ደጁ ላይ ይዘረግፋል። አዲሱ ሹም ሁለት ወር እንኳ አልቆየም፤ ኖቬምበር 24 ቀን ትእዛዙን ፈረመ፤ ከጃንዋሪ 15 ቀን 1884 ጀምሮ ይጸና ዘንድ። ትእዛዙ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። የሕንፃ ባለቤት ሁሉ ለተከራዮቹ ክዳን ያለው፣ ከ40 እስከ 120 ሊትር የሚይዝ ማጠራቀሚያ ያቅርብ፤ ዘበኛው ማለዳ ጋሪው ከመድረሱ በፊት ያውጣው፤ ባዶውን መልሶ ያስገባ። አንድ ዕቃም አይበቃም። ለሚበሰብሰው አንድ፣ ለወረቀትና ለጨርቅ አንድ፣ ለጠርሙስ፣ ለሸክላ ስባሪና ለኦይስተር ዛጎል አንድ። (ኦይስተር ፓሪሶች በጥሬው የሚውጡት የባሕር ፍጥረት ነው፤ ዛጎሉ የራሱ በርሜል እስኪታዘዝለት ድረስ መብላታቸው ያስደንቃል።)

ከተማው ታመሰ። የሕንፃ ባለቤቶች የማጠራቀሚያው ወጪ አንገበገባቸው። ዘበኞች ሥራ ተጨመረብን አሉ። ጋዜጦቹ ሰውየውን መሳለቂያ አደረጉት፤ ዕቃውንም ወዲያው «የፑቤል ሣጥን» ብለው ሰየሙለት። ጩኸቱ የበረታው ግን ከጨርቅ ለቃሚዎቹ ወገን ነበር፤ ጉዳዩም ፓርላማ ድረስ ደረሰ። ክምሩ ከመንገድ ገብቶ በክዳን ከተዘጋ የሌሊቱ ፋኖስ ምን ያያል?

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚዘሉት፣ እኔ ግን የታሪኩ አንጓ የሚመስለኝ ነገር አለ። ትእዛዙ ለቃሚዎቹን እኩል አልመታቸውም። በመካከላቸው ማዕረግ ነበረና። ዝቅተኛው ቦታ የሌለው ዟሪ ነው፤ ከመንገድ ክምር ያገኘውን ይለቅማል። ከእሱ ከፍ የሚለው «ፕላሲዬ» የሚሉት ባለቦታ ነው። እሱ ከተወሰኑ ሕንፃዎች ዘበኞች ጋር ተስማምቶ ጥራጊው ወደ መንገድ ሳይወጣ እግቢው ድረስ ገብቶ የሚለይ ነው። ይህ ቦታ እንደ ርስት ይሸጥ፣ ለልጅም ይተላለፍ ነበር። ከሁለቱ በላይ ደግሞ የተለቀመውን በሚዛን የሚገዛው ነጋዴ አለ። ሣጥኑ ሲመጣ ባለቦታው አልከሰረም፤ እንዲያውም ለዘበኛው ሣጥኑን እያወጣለት፣ እግረ መንገዱንም እየለየ ኑሮውን አደላደለ። የተመታው ፋኖስ ይዞ የሚዞረው ነው። ስለ ጽዳት የወጣው ትእዛዝ ሳያስበው ድኻውን ከድኻ ለየው።

መንግሥት ትንሽ አላላ። ሣጥኖቹ ጋሪው ከመምጣቱ አስቀድመው እንዲወጡና ለቃሚዎች በመንገዱ ዳር ጨርቅ ዘርግተው፣ ከላዩ ገልብጠው፣ ለይተው፣ የተረፈውን መልሰው እንዲከቱ ተፈቀደ። በዚህ ስምምነት ሣጥኑ ጸና፤ ሦስትነቱ ግን ቀረ። ዘበኛውም ተከራዩም በሦስት መለየቱን ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። ምን ያድርጉ? የሚለይላቸው ሰው ደጃቸው ላይ ቆሞ ነበር። በ1890 «ፑቤል» የሚለው ቃል ትልቁ የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲገባ የአንድ ዕቃ ስም ሆኖ ገባ፤ ሌሎቹ ሁለቱ ተረሱ።

ለቃሚዎቹም ቀስ በቀስ ከከተማው ተገፉ። ብዙዎቹ ከግንቡ ውጭ በክሊሺና በሴንት ዋን ሰፈሩ፤ የለቀሙትን እዚያው መሬት ላይ ዘርግተው ሸጡ። ዛሬ ቱሪስት የሚጎርፍበት የሴንት ዋን «የቁንጫ ገበያ» የተወለደው እንዲህ ነው። በ1920 ከነዚሁ ሰፈሮች ቸነፈር ተነሣ፤ ወደ መቶ ሰው ያዘ፤ ሹማምንቱ ስሙን መጥራት ፈርተው «ዘጠነኛው በሽታ» አሉት። ከዚያ በኋላ ለቃሚ ሲባል ቁንጫና አይጥ ነው የሚታሰበው። ጥራጊውንም ከ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ጀምሮ ትልልቅ ምድጃዎች ያቃጥሉት ጀመር። በ1946 ፓሪስ ውስጥ መልቀም ጨርሶ ተከለከለ።

የከለከሉበት ጊዜ ግን መጥፎ ነበር። ላስቲክና ማሸጊያ ዓለምን ያጥለቀለቀው ከዚያ ወዲህ ነውና። የሚለይ እጅ ከመንገድ ሲጠፋ የሚለየው ነገር በዛ። ጎማው የመጣው በዚህ መካከል ነው። በ1968 በእንግሊዝ አገር ስላው ከተማ አንድ የላስቲክ ፋብሪካ ለራሱ ግቢ ውስጥ ሥራ ባለሁለት ጎማ ማጠራቀሚያ ሠራ ይባላል። የፋብሪካው ዕቃ የቤት ዕቃ ሆነ፤ ከባድ የብረት በርሜል በትከሻ ለሚሸከመው የጽዳት ሠራተኛ ወገብም እፎይታ ሆነ። መለየቱን ወደየቤቱ የመለሰችው ደግሞ የካናዳዋ ኪችነር ናት። በ1981 አንድ ሺሕ በሚያህሉ ቤቶች የተሞከረው ሰማያዊ ሣጥን በ1983 በከተማው ሁሉ ታደለ። ፑቤል ትእዛዙን በፈረመ ልክ በመቶ ዓመቱ መሆኑ ነው። ፓሪስም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለየሕንፃው ባለአረንጓዴ፣ ባለቢጫና ባለነጭ ክዳን አቀረበች። አረንጓዴው ለተራው ጥራጊ፣ ቢጫው ለወረቀትና ለማሸጊያ፣ ነጩ ለጠርሙስ፤ የኦይስተሩ ዛጎል ሲቀር የሙሴ ፑቤል ሦስት ሣጥኖች ናቸው። ለሚበሰብሰው ለብቻው ዘዴ እንዲዘጋጅ ሕግ ያስገደደው ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ነው።

ይህን ሁሉ ሳነብ ጆሮዬ ላይ ይደውል የነበረው የሰፈሬ ድምፅ ነው፤ «ቆራሌው!» ቆርቆሮ ያለው ከማለት የመጣ ነው ይላሉ። እሱና «ልዋጭ!» እያለ የወጥ ቤት ዕቃ በአሮጌ ልብስ የሚለውጠው ሰው ባይኖሩ ኖሮ የአዲስ አበባ ጠርሙስ፣ ጣሳና ብረት የት ይገባ ነበር? ቆራሌው ከደጃችን የገዛው ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ እዚያ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል፤ የመኪናው ጎማ በረባሶ ሆኖ ይወጣል። የፓሪስ ለቃሚ ከክምር ያነሣል፤ የኛው ከእጃችን ይገዛል። ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ገንዘብ ከፍሎ የሚገዛን ሰው ሌባ ለማለት ይከብዳል፤ እርግጥ የሚሞክሩ አይጠፉም።

ክምር ለቃሚዎችም ነበሩን። ቆሼ ላይ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የከተማው ጥራጊ ሲራገፍ፣ ልክ እንደ ፓሪሶቹ ብረት ይዘው ከመኪናው ሥር የሚጠብቁ፣ እዚያው ጎጆ ቀልሰው ልጅ ያሳደጉ ብዙ ነበሩ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ጥራጊውን አቃጥሎ መብራት የሚያመነጨው ጣቢያ እዚያው አጠገብ የተመረቀው በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው። ምድጃ ደግሞ የሚወደው ወረቀትና ላስቲክ፣ ለቃሚውም የሚፈልገውን ነው። የወጣት ማኅበራት ጋሪ እየገፉ ከየቤቱ መሰብሰብ ከጀመሩ ከሃያ ዓመት አልፏል፤ ጆንያውን ወደ ገንዳው ከመገልበጣቸው በፊት ጎንበስ ብለው የውኃ ላስቲክ ሲለዩ ያየ ሰው «ፕላሲዬ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ መዝገበ ቃላት አያሻውም።

ፓሪስ ውስጥም ለቃሚው አልጠፋም። ከባለቀለም ክዳኖቹ ውስጥ ያገኙትን ጫማና ድስት በየመንገዱ ዘርግተው የሚሸጡ ሰዎች ከፖሊስ ጋር ሲሯሯጡ ከኖሩ በኋላ፣ በ2009 ፖርት ሞንማርትር በሚባለው ቦታ፣ ከጥንቱ የሴንት ዋን ገበያ ብዙ ሳይርቅ፣ መቶ መደብ ተመድቦላቸዋል። እዚያ ለመሸጥ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የተመዘገበውም ካርድ ይሰጠዋል።