ጊታርና የአዳራሽ ድምፅ፦ ከኦምዱርማን እስከ ሳጃና

ሳጃና የሚለው የዐረብኛ ቃል የእስር ቤት ጠባቂዎች ማለት ነው። የካርቱም ሰው ግን ሰፈሩን ይበልጥ ያውቀው የነበረው በሕንፃ መሣሪያ ገበያው ነው። ከጦርነቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በዚሁ ሰፈር፣ በአንድ የሐበሻ ሠርግ ላይ፣ አንድ ጊታረኛና አንድ ሱዳናዊ የድምፅ ባለሙያ ሳይግባቡ ቀርተው ነበር። አስተርጓሚው ይህ ጸሐፊ ነበር፤ አለመግባባቱን ያባባሰውም እርሱው ነው።

ነገሩ እንዲገባን ወደ ኋላ እንመለስ። የሱዳን የከተማ ዘፈን ለብዙ ዘመን በዑድ፣ በቫዮሊንና በአኮርዲዮን ሲታጀብ ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኤሌክትሪክ ጊታርን ወደ መድረኩ ካመጡት ግንባር ቀደሙ በ1935 በኦምዱርማን የተወለደው ሸርሐቢል አሕመድ ነው። «የሱዳን ጃዝ ንጉሥ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ሰው ሠዓሊም ነው፤ ባለቤቱ ዘኪያ አቡበክርም በአገሯ ከሴቶች የመጀመሪያዋ ጊታረኛ ተብላ ትታወቃለች። በአዲስ አበባም በ1970ዎቹ የአይቤክስ ባንዱ ሰላም ሥዩም ጊታሩን በራስ ሆቴል ያሰማ ነበር። ሁለቱ አገሮች በአምስት ድምፅ ቅኝት የተቀራረቡ በመሆናቸው ጆሯችን አልተራራቀም፤ መሐመድ ወርዲ በ1994 በአዲስ አበባ ያቀረበው ኮንሰርት ለዚህ ምስክር ነው።

በዚያ ዘመን ጊታር የራሱን አምፕሊፋየር ይዞ ይመጣ ነበር። የአዳራሹ ድምፅ ማጉያ በአብዛኛው የሚያገለግለው ለድምፃዊው ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ባለ 12 ኢንች ስፒከር ከ5000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀጭን ድምፅ እምብዛም አያሳልፍም። ጊታርን ጊታር ያሰኘው ለስላሳ ጣዕም በከፊል ከዚህ ጉድለት የመጣ ነው። ጉድለት ጌጥ ሲሆን እንዲህ ነው።

በሱዳን ከመስከረም 1983ቱ ሕግና ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የሙዚቃ ሰዎች ብዙ ተንገላቱ፤ ድምፃዊው ኾጀሊ ዑስማን በ1994 በኦምዱርማን የሙዚቀኞች ክበብ ውስጥ ተገደለ። በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ብዙ ባንዶች ወደ አንድ ኪቦርድ ጠበቡ። እንደ እኔ ግምት መንገዱን የከፈተው ኪቦርድ ነው፤ የራሱን ሳጥን ሳይሻ ቀጥታ ወደ ሚክሰሩ የሚገባ መሣሪያ ስለሆነ። ጊታር ተከተለው። የሮላንድ ቪጂ-8 በ1995፣ የላይን 6 ፖድ በ1998፣ የፍራክታል አክስ-ኤፍኤክስ በ2006፣ ኬምፐር በ2011 ለገበያ ቀረቡ። እነዚህ መሣሪያዎች የአምፕሊፋየሩንም የስፒከሩንም ባሕርይ በስሌት ይኮርጃሉ፤ ጊታረኛው በከባድ ሣጥን ፋንታ በቦርሳ የሚያዝ ዕቃና አንድ ኬብል ይዞ ይመጣል።

የሳጃናው ጊታረኛም እንዲሁ መጣ። የመጀመሪያውን ዜማ ሲመታ ከአዳራሹ ስፒከሮች የወጣው የንብ መንጋ ነበር። ልጁ በልምምድ ቤት መሣሪያውን ከእውነተኛ አምፕሊፋየር ጋር ስለሚያገናኘው፣ ስፒከር የሚኮርጀውን ክፍል አጥፍቶት ኖሯል። እዚያ ሳጥኑ ራሱ ድምፁን ያለሰልስለታል፤ የአዳራሹ ማጉያ ግን የሰጡትን ሁሉ ሳያጎድል ያወጣል። ምክንያቱ ሲገለጥለት፣ «ጋሼ፣ ስፒከሩን አጥፍቼዋለሁ ብለው ይንገሩልኝ» አለኝ። እኔም «ስፒከር»ን «ሰማዓ» ብዬ ተረጎምኩ። በዐረብኛ ሰማዓ የጆሮ ማዳመጫውም፣ የአዳራሹ ማጉያም ነው። ባለሙያው «የእኔ ሰማዓ አልጠፋም!» ብሎ ማጉያዎቹን አንድ በአንድ ሲፈትሽ ሃያ ደቂቃ አለፈ። ሙሽሮቹ ቆመው ይጠብቁ ነበር።

ክፍሉ ሲበራ ንቦቹ ጸጥ አሉ። ይሁንና ወፍራሙ ድምፅ አዳራሹን አጥለቀለቀው፤ ልጁ ቅንብሩን ያበጀው በቤቱ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ነበርና። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ጆሮ በዝቅተኛ ድምፅ ወፍራሙን አሳንሶ ይሰማል፤ ድምፁ ሲጎላ ወፍራሙም ያይላል። ባለሙያው ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ቆረጠለት። ልጁ ቅር አለው፤ «ድምፄን ነካው» አለ። ቅሬታው ከንቱ አልነበረም። ሳጥኑ የራሱ በነበረ ጊዜ የመጨረሻው ወሳኝ ጊታረኛው ነበር፤ አሁን ግን ሚክሰሩ ጋ የቆመው ሰው ነው። መድረኩ ላይ ሞኒተር ካልተሰጠው ደግሞ ራሱን እንኳ አይሰማም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ከባድ ዕቃ ይዞ የሚወጣ አልነበረም። የአዳራሹ ማጉያዎች እዚያው ቀሩ። ልጁ በገላባት በኩል ወደ መተማ ሲሻገር መሣሪያው በልብሱ መካከል ተጠቅልሎ ነበር። በጎንደር መጀመሪያ በተጫወተበት ምሽት አስተርጓሚ አላስፈለገውም፤ ቢሆንም ደውሎ፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ስፒከሩን አብርቼዋለሁ» አለኝ።