የፈሩትን ማድረስ፦ ከጥንቸል እስከ መስታወት ሊፍት

«የፈሩት ይደርሳል» እንላለን። የዚህ ሕክምና ታሪክ ደግሞ የፈሩትን ሆን ብሎ፣ ቀስ በቀስ የማድረስ ታሪክ ነው።

መጀመሪያ የመጣችው ጥንቸል ነበረች። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሜሪ ከቨር ጆንስ እ.ኤ.አ. በ1924 ባሳተመችው ጥናት፣ ጥንቸል የሚፈራ ፒተር የተባለ ሕፃን እንዴት እንዳለማመደችው ጻፈች። ልጁ የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏን በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ታስጠጋለታለች። በመጨረሻ ፒተር ጥንቸሏን መዳሰስ ጀመረ።

በ1958 ደቡብ አፍሪካዊው ጆሴፍ ዎልፒ ባሳተመው መጽሐፍ ጉዳዩን ወደ ዓይነ ኅሊና ወሰደው፦ ታካሚው ሰውነቱን ዘና ያደርግና የሚፈራውን ከቀላሉ ጀምሮ ያስባል። ችግሩ፣ ሁሉም ሰው አጥርቶ ማሰብ አይችልም። ከፍታ የሚፈራን ሰው እውነተኛ ፎቅ ላይ እናውጣህ ብትሉት ደግሞ በዚያው ሊቀር ይችላል።

መሃሉን የሞላው ኮምፒውተር ነው። በ1995 ባርባራ ሮትባም ከኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ፣ ላሪ ሆጅስ ከጆርጂያ ቴክ፣ አትላንታ ውስጥ ከፍታ በሚፈሩ 20 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ሙከራ አሳተሙ። 12ቱ መነጽሩን አደረጉ፣ 8ቱ ተራ ጠበቁ። በመነጽሩ ውስጥ ድልድይ፣ በረንዳና እስከ 49ኛ ፎቅ የሚወጣ የመስታወት ሊፍት ነበር። ስዕሉ ዛሬ በስልካችን ከምንጫወተው ጌም በብዙ ያንሳል፤ ውሸት መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። ላብና የጉልበት መብረክረክ ግን መጣ። ሰውነት የስዕል ጥራት አይጠይቅማ!

ሕክምናውን ከጨረሱት 10 ተማሪዎች 7ቱ ማንም ሳያዛቸው በራሳቸው ሄደው እውነተኛ ከፍታ ሞከሩ። ትልቁ ውጤት ይሄ ነው፤ ድፍረቱ ከክፍሉ ወጥቶ ከተማ ገባ።

ከዚያ እዚያው አትላንታ ለቬትናም ዘማቾች ሄሊኮፕተርና ጫካ ተሠራላቸው። በ2018 ደግሞ የኦክስፎርዱ ዳንኤል ፍሪማንና ባልደረቦቹ ከፍታ የሚፈሩ 100 ሰዎች ያሉበት ጥናት አሳተሙ፤ ግማሽ ያህሉን መነጽሩ ውስጥ ያለች ምናባዊ አሠልጣኝ መራቻቸው። የሰው ባለሙያ በማይበቃበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን መነጽሩ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። ፍርሃት የሚወፍረው በሽሽት ነው፤ በሸሸን ቁጥር «እንኳን አመለጥኩ» እንላለን፣ አደጋው እንዳልነበረ ሳናውቅ እንቀራለን። ከጥንቸሏ እስከ ሊፍቱ የተቀየረው ዕቃው ነው። ሥራው ያው አንድ ነው፦ ልብ እየመታም ቢሆን ትንሽ መቆየት።