የቦይለር ዕድሜ በማን መዝገብ ይቆጠራል?

በሌክ ስትሪትና በሚኒሃሃ ጎዳና መገናኛ አጠገብ፣ ዛሬ ገበያተኛው መኪናውን የሚያቆምበት ሰፊ ቦታ ለዐሥርት ዓመታት የፋብሪካ ግቢ ነበር። ሚኒያፖሊስ ስቲል ኤንድ ማሽነሪ የተባለው ኩባንያ በ1902 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተቋቁሞ የድልድይ ብረት፣ የውኃ ማማና የእንፋሎት ሞተር ይሠራ ነበር። በ1929 ከሌሎች ሁለት ድርጅቶች ጋር ተዋሕዶ ሚኒያፖሊስ ሞላይን ተባለ፤ በትራክተሮቹም ታወቀ። በ1963 ዋይት ሞተር ገዛው፤ ዐሥር ዓመት ሳይሞላም የሌክ ስትሪቱ ፋብሪካ ተዘጋ። ከዚያ ግቢ የወጣው ብረት ግን ፋብሪካው ሲዘጋ አብሮ አላረጀም።

በሒሳብ ሹም መዝገብ የአንድ ቦይለር ዋጋ በየዓመቱ እኩል እየተቀነሰ ዜሮ ይደርሳል። መሐንዲሱ የሚቆጥረው ሌላ ነገር ነው። የግድግዳውን ውፍረት በድምፅ ሞገድ ይለካል፤ ከዚያ ላይ ግፊቱን ለመቋቋም የግድ የሚያስፈልገውን ውፍረት ይቀንሳል፤ ቀሪውን በዓመት በዝገት ለሚታጣው መጠን ያካፍላል። 12 ሚሊ ሜትር ቢለካ፣ 9 ቢያስፈልግ፣ በዓመት 0.25 ቢበላ፣ ቀሪ ዕድሜው 12 ዓመት ነው። የነዳጅ ኢንዱስትሪው የፍተሻ ደንብ ደግሞ ቀጣዩ የውስጥ ፍተሻ ከቀሪው ዕድሜ ግማሽ ወይም ከ10 ዓመት፣ ከሁለቱ ካነሰው እንዳያልፍ ያዝዛል። እዚህ ላይ 6 ዓመት መሆኑ ነው። በመዝገብ ዋጋው ዜሮ የሆነ ቦይለር ገና ብዙ ሊያገለግል፣ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ያለበት ደግሞ ነገ ሊፈነዳ ይችላል።

ፍተሻን የገፋው መንግሥት ብቻ አልነበረም። በሚያዝያ 1865 ሱልታና የተባለችው መርከብ ቦይለሮቿ ፈንድተው በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ከ1,000 በላይ ሰዎች አለቁ። በማግስቱ ዓመት የተቋቋመው የሃርትፎርድ የቦይለር ኢንሹራንስ ኩባንያ ዋስትናን ከፍተሻ ጋር አጣምሮ መሸጥ ጀመረ። ቦይለሩ ቢፈነዳ ካሳ ከፋዩ እርሱ ስለሆነ፣ ውፍረቱን የማወቅ ጥቅም ነበረው። የቦይለር አሠራር ደንቡ ዘግይቶ ደረሰ፦ በ1905 በብሮክተን የጫማ ፋብሪካ 58 ሰዎች ከሞቱ በኋላ ማሳቹሴትስ በ1907 ደንብ አወጣች፤ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም ብሔራዊውን የቦይለር ደንብ በ1915 አሳተመ።

ስሌቱ ግን አንድ ነገር አምኖ ይነሣል፤ «የሚያስፈልገው ውፍረት» መጀመሪያውኑ በትክክል መሰላቱን። ሌክ ስትሪትን አቋርጦ የሚያልፈው 35 ደብልዩ አውራ ጎዳና ጥቂት ማይል ወደ ሰሜን ሲዘልቅ የነበረው ድልድይ ነሐሴ 1 ቀን 2007 ተደርምሶ 13 ሰዎችን ገደለ። በየጊዜው ይፈተሽ ነበር፤ ዝገቱም ስንጥቁም ተመዝግቧል። የፌዴራሉ መርማሪ ቦርድ ያገኘው ዋና ምክንያት ግን በ1960ዎቹ የተፈጸመ የንድፍ ስሕተት ነበር፦ አንዳንዶቹ የመጋጠሚያ ሳህኖች ሊኖራቸው ከሚገባው ውፍረት ግማሽ ያህል ብቻ ነበራቸው። ተቆጣጣሪ እርጅናን ሲፈልግ ከውልደት የመጣ ጉድለት ያመልጠዋል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ጀመረ። ስኳር ያለ እንፋሎት አይፈላም፤ ፋብሪካው በቦይለሩ ይኖራል። በ1975 ፋብሪካውም ኢንሹራንስ ኩባንያዎቹም ተወረሱ፤ በማግስቱ ዓመትም አንድ የመንግሥት የኢንሹራንስ ድርጅት ብቻ ቆመ። ባለንብረቱ፣ ተቆጣጣሪውና ካሳ ከፋዩ አንድ ሲሆኑ፣ የሃርትፎርዱ ዓይነት ጥቅም የሚያንቀሳቅሰው ወገን አይኖርም። በእኔ ግምት የአሮጌዎቹ የወንጂ ማሽኖች ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ማገልገል በይበልጥ የሚመሰክረው ለቴክኒሻኖቹ ብልሃትና ለውጭ ምንዛሪ እጥረቱ ነው። የአሰብ ማጣሪያ ሥራ በጀመረ በ30 ዓመቱ፣ በ1997፣ ሲዘጋም የተነገረው ምክንያት የማስኬጃው ወጪ ነበር።

የግል ኢንሹራንስ ከ1994 ጀምሮ ተፈቅዷል። አሁን የሚያስፈልገው፣ አረቦን ከመተመኑ በፊት የውፍረት ልኬት የሚጠይቅ ውል ነው። የሚለካ ሰው አይጠፋም። በሚኒሶታ ከአነስተኞቹ በቀር ቦይለር የሚያንቀሳቅስ ሁሉ የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ በትምህርት ቤትና በሆስፒታል ምድር ቤት ለሚሠሩ ወገኖቻችን «የቦይለር ላይሰንስ» የእንጀራ ወረቀት ነው። ስለ ዕውቀት ሽግግር በምንሰበሰብባቸው አዳራሾች ግን የሚጋበዙት ብዙውን ጊዜ እንደ እኔ ያሉ ባለ ዶክትሬቶች ናቸው።