የትል እጣቢ

በአምቦ ዙሪያ፣ ከትል ማዳበሪያ ጋራ አብሮ የገባውን «ቨርሚዋሽ» የተባለ፣ ከትሎች ፍግ ታጥቦ የሚወርደውን ፈሳሽ የሚጠራ ባዕድ ቃል አንዳንዱ ሰው «የትል ሽንት» እያለ ሲተረጉመው እሰማለሁ፤ ይህም ለፍጡሩም ለፈሳሹም ፍትሕ የጎደለው ስያሜ ነው። የቃሉ ፊተኛ ክፍል ግእዙ ዕፄ የሚለውን ትልን የሚያመለክት የላቲን ዘር ሲሆን፣ ኋለኛው እንግሊዝኛ ሆኖ ማጠብ ማለት ነውና፣ ሽንት ከወዴት እንደ ገባ አይታወቅም።

የመሬት ትል ሳንባ ስለሌለው በርጥብ ቆዳው የሚተነፍስ፣ ደሙም እንደ እኛው ቀይ ሆኖ ሳለ፣ ቅላቱ በሕዋሳት ውስጥ ሳይታጨቅ በደሙ ውሃ ውስጥ የሟሟ፣ በቆዳውና በአንጀቱ መካከልም ሌላ ፈሳሽ የተሸከመ ፍጥረት ነው፤ ይህም ፈሳሽ ትሉ ሲነካካ ወይም ድርቀት ሲያስጨንቀው ከጀርባው ጥቃቅን ቀዳዳዎች እየፈለቀ ገላውን ያረጥበዋል። ሽንቱማ ከሞላ ጎደል በየአንጓው ባሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ጥቂት በጥቂት የሚወጣ ነው።

እንግዲህ ትሎቹ በሚኖሩበት ፍግ ላይ የተንጠባጠበው ውሃ የገላቸውን ልጋግና ከፍጉ የሟሟውን ሁሉ አጥቦ ስለሚወርድ፣ የሰሐን እጣቢ እንደምንል «የትል እጣቢ» ብንለው የተገባ ይመስለኛል፤ ያልበሰለው ፍግ በራሱ የሚያንጠፈጥፈው ጥቁር ውሃ ግን ሌላ ነገር ስለሆነ በዚህ ስም አይጠራ።