ጥርሷን ሳታይ አትሽጣት

አድምጡኝማ! ዛሬ የምተርክላችሁ የጀግና ገድል አይደለም፤ የአንድ ላፕቶፕ ነገር ነው። አትሳቁብኝ። ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከሻሸመኔ፣ ከቦሬ፣ ከአዶላና ከዋደራ ማዶ በተቀመጠችው ነገሌ ቦረና ላፕቶፕ ሲበላሽ፣ መርካቶ ብቅ ብሎ ወይም ቦሌ ወረድ ብሎ ሌላ ማንሳት የለም። ገበያው ሲርቅ ሰው ረጋ ብሎ ያስባል።

ባለታሪኬ የአማርኛ መምህር ነው። ስሙን አትጠይቁኝ፤ አንድ ሰው አይደለምና። ነገሌም አለ፣ ያቤሎም አለ፣ ፊልቱም አለ። ላፕቶፑ ባለ ስድስተኛ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ 4 ጊጋ ራምና 500 ጊጋ ሀርድ ዲስክ አለው። ጠዋት ይከፍተዋል። ቡናው ይቆላል፣ ይወቀጣል፣ ይፈላል፤ አቦሉ ሲቀዳ ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ገና እየዞረች ናት። ማርክ ሊሞላ ኤክሴል ሲከፍት ቶናው ይደርሳል። መብራት ሄደ ማለት ደግሞ ላፕቶፑም ሄደ ማለት ነው፤ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል።

ታዲያ መምህሩ ምክር ፍለጋ ወጣ። መጀመሪያ የደረሰው ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። ልጁ ላፕቶፑን ገና ሳይነካው «ቫይረስ ነው ቲቸር፤ ፎርማት ላርግልዎት» አለ። ለታመመ ኮምፒውተር ሁሉ በአገራችን የታወቀ አንድ መድኃኒት አለ፤ እሱም ፎርማት ነው። ፎርማት ተደረገ። ጥቂት ቀን ፈጠነ፤ ፕሮግራሞቹ ተመልሰው ሲጫኑበት ያው የቀድሞው ሆኖ አረፈው።

ቀጥሎ የሚስቱ ወንድም ከአዲስ አበባ ደወለ። «ጋሼ፣ እሱን ብረት ለምን አይገላገሉትም? ቴሌግራም ላይ እኮ ስላይትሊ ዩዝድ ሞልቷል! ገንዘቡን ይላኩልኝና እኔ እገዛለሁ።» መምህሩ ዋጋውን ጠየቀ፤ ሰማ፤ ዝም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 ብርን ተሻገረ። ላፕቶፕ በዶላር የሚገባ ዕቃ ነው። ትናንት የሁለትና የሦስት ወር ደመወዝ የነበረ ዕቃ ዛሬ ስንት ወር እንደሚፈጅ የመምህር ጓዳ ያውቀዋል።

ሦስተኛው ምክር ካልታሰበ ሰው መጣ። ለከብት ገበያ ከገጠር የገቡ፣ መምህሩ ቤት የሚያርፉ አንድ የቦረና አዛውንት ነበሩ። ነገሩን ሁሉ ቡና እየጠጡ ሰምተዋል።

«መምህር» አሉት፣ «ይህን ዕቃህን ልትሸጠው ነው?»

«አላወቅሁም አባባ፤ ዘግይቷል፣ አርጅቷል።»

«የእኛ ላም ወተቷ ሲቀንስ ወዲያው ገበያ አንነዳትም። መዥገር ይዟት ይሆናል፤ እናጥባታለን። ሣር አጥታ ይሆናል፤ እናበላታለን። አፏን ከፍተን ጥርሷ አልቆ ካገኘነው ግን በጋው ሳይጠና እንሸጣታለን፤ ጥርስ የሌላት ላም ሣር ቢሞላም አትበላውም። አንተ ጥርሷን አይተሃል?»

መምህሩ አላየም። ፎርማት ያደረገው ልጅም አላየም፤ ከአዲስ አበባ የደወለውማ ከየት ያያል? እናም በማግስቱ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ገበያው አጠገብ አንዲት ልጅ ወደምትሠራበት ጥገና ቤት ወሰደው።

እዚህ ላይ በደንብ አድምጡኝ፤ የጥገና ጥበብ ያለው ከዚህ ነው። ልጅቱ ዊንዶውሱን አላጠፋችም፣ ካቻቪቴም አላነሳችም። መጀመሪያ ታስክ ማናጀርን ከፈተችና መምህሩን አጠገቧ አስቀምጣ ዝም ብላ ተመለከተች። ፕሮሰሰሩ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል ማለት ይቻላል። ዲስኩ ግን 100 በመቶ ላይ ተሰቅሎ አይወርድም፤ ሚሞሪውም አፉ ድረስ ሞልቷል።

«ቲቸር፣ አዩት? ጭንቅላቱ ደህና ነው፤ የደከመው እግሩ ነው» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሀርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ በላፕቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። መረጃ የምታነብ ክንድ በሳህኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ አንዲት ቁራጭ መረጃ አግኝታ ለማንሳት ከ10 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅባታል። ዊንዶውስ ሲነሳ ደግሞ በሺህ የሚቆጠሩ ቁራጮችን ይጠይቃል። ኤስኤስዲ የሚባለው ምንም የሚዞር ነገር የለውም፤ መረጃውን ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያወጣል። ሀርድ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ በዚያው ቦታና በዚያው ገመድ የሚገባው ተራ ኤስኤስዲ ወደ 500 ይጠጋል። በዚያ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ወደ ዶሎ የሚወስደው መንገድ ቢያንገጫግጨውም ግድ የለውም።

ከዚያ በኋላ ነው ካቻቪቴው የተነሳው። ልጅቱ ነጭ ወረቀት ዘረጋችና የላፕቶፑን ጀርባ በእርሳስ ሣለችበት፤ የፈታቻትን ብሎን ሁሉ በወጣችበት ቦታ ላይ አስቀመጠች። ረጅሟ ብሎን በአጭሯ ቦታ ከገባች ቦርዱን ልትበሳው ትችላለች። ክዳኑ ሲነሳ የነገሌ ቀይ አቧራ ታየ። የማራገቢያውን መውጫ እንደ ብርድ ልብስ ለብሶት ነበር። ፕሮሰሰሩን ከማቀዝቀዣው ጋር የሚያገናኘው ፔስት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቆላ አገር ላፕቶፕ ያረጀ የሚመስለው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው፤ ብሩሽና አዲስ ፔስት እንጂ ሌላ ወጪ አይጠይቅም።

ራሙ ጋ ስትደርስ ፈገግ አለች። ማስገቢያው ሁለት ነው፤ አንዱ ባዶ። ያም ሆኖ «4 ጊጋ ጨምሩ» ብላ አላለፈችውም፤ ያለውን ነቅላ ጽሑፉን አነበበች። ስድስተኛ ጀነሬሽን የዲዲአር 3 እና የዲዲአር 4 ዘመን የተገናኙበት ነው፤ አንዳንዱ ላፕቶፕ ይኼኛውን፣ አንዳንዱ ያኛውን ይጠቀማል። የመሰኪያቸው ቁርጥ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሳይነበብ የታዘዘ ራም ማለት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጥቶ በአውቶቡስ የሚመለስ ራም ነው። ደግሞም በ2018 ዓ.ም. የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የዓለምን ሚሞሪ እየጠረጉ ሲገዙት ዋጋው ተሰቅሏል፤ ስለዚህ ከሞተ ላፕቶፕ ተነቅሎ የተፈተሸ ራም ካለ አይናቅም።

ቀረ ባትሪው። ልጅቱ ጣቷን በላዩ አሳለፈች፤ አብጧል፤ የመዳሰሻውን ሰሌዳ ከሥር እየገፋው ነው። መምህሩ ኪሱን አሰበና «እሱ ይቆይ፤ በኬብል እየሠራሁ አይደል?» አላት።

ወገኖቼ፣ «ይቆይ» የሚለውን ቃል ነገሌ ላይ ሆናችሁ ስትሰሙ ታሪክ ትዝ ሊላችሁ ይገባል። በ1966 ዓ.ም. በዚችው ከተማ የሰፈሩት ወታደሮች የውኃ ፓምፓቸው ተበላሽቶ ነበር። ምግባቸው ድሮም የሚበላ አልነበረም፤ አሁን ውኃውም ጠፋ። የመኮንኖቹ ጉድጓድ ግን ውኃ ነበረው። «ከእናንተ እንቅዳ» ቢሉ ተከለከሉ፤ አቤት ቢሉ ሰሚ አጡ። ጥር 4 ቀን አመፁና አዛዦቻቸውን አሰሩ። ንጉሠ ነገሥቱ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ላኩ፤ ወታደሮቹ እሳቸውንም ይዘው ያንኑ ምግብ አበሏቸው፣ ያንኑ ውኃ አጠጧቸው። ወሬው ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ፓምፕ ብቻውን መንግሥት አይጥልም፤ ብሶቱ ብዙ ነበር። ነገር ግን በወቅቱ ቢጠገን ኖሮ የአንድ መካኒክ ሥራ የነበረው፣ ሲቆይ የጄኔራል ሥራ ሆነ፤ ጄኔራሉም አልቻለው።

ያበጠ ባትሪም እንዲሁ ነው። የሊቲየም ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ገደማ ሞልቶ ከተራገፈ አቅሙ ይቀንሳል፤ ሙቀት ደግሞ ያስረጀዋል። መዳከሙ ችግር የለውም። ሲያብጥ ግን ውስጡ ጋዝ ይዟል፤ ከተበሳ ወይም ከተጫኑት ሊነድ ይችላል። ልጅቱ «ይህን አውጥቼ ነው የምገጥምልዎት» አለች። አወጣችው፤ ላፕቶፑ አዲስ ባትሪ እስኪመጣለት በኬብል ብቻ ሠራ። አዲሱ ሲታዘዝ የባትሪው የሞዴል ቁጥር በፎቶ ተልኮ ነበር፤ በገበያው ላይ ፎርጅዱ ከኦርጅናሉ ይበዛልና።

«እሺ፣ ጥርሱስ?» አላችሁኝ? መልካም። በላፕቶፕ ላይ የሚቀየሩ ነገሮች አሉ፤ ዲስክ፣ ራም፣ ባትሪ፣ ኪቦርድ። በቦርዱ ላይ የተበየደ ፕሮሰሰርና ራሱ ቦርዱ ግን ጥርስ ናቸው። የመምህሩ ፕሮሰሰር ለማርክ መሙያና ለፈተና ማውጫ ይበቃል። ቢሆንም አንድ ነገር አለበት፤ የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን መደገፍ ያቆመው ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው፤ ለግል ተጠቃሚ የተፈቀደው ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያ ደግሞ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ዊንዶውስ 11 በበኩሉ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን ኢንቴል በይፋ አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል።

«በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ ወይም ሊኑክስ ሚንት ልጫንልዎት፤ በነፃ ነው፣ ማሻሻያም ያገኛል» አለችው። ይህ ለብዙ ሰው ጥሩ መፍትሔ ነው። በቁቤ ለሚጽፈው የአፋን ኦሮሞ መምህር ምንም ችግር የለበትም፤ ፊደሉ ላቲን ነው። የእኛ መምህር ግን የዓመታት ፈተናዎቹን በፓወር ግዕዝ አሮጌ ፎንት ጽፏቸዋል። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ፊደሉ ወደማይነበብ ምልክት ይለወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ፋይሎቹን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። ውሳኔውም እዚህ ላይ ወደቀ፦ ኤስኤስዲ ይገባል፣ 4 ጊጋ ራም ይጨመራል፣ ባትሪው ይቀየራል፣ አቧራው ይጠረጋል፤ የዊንዶውስ 10 ማሻሻያው በሚቀጥልበት ጊዜ ፋይሎቹን ለውጦ ይጨርስና ወደ ኡቡንቱ ይገባል። ሁሉም ተደምሮ ወጪው የሚስቱ ወንድም ከጠራው ዋጋ ሩቡን አልሞላም። አሁን አቦሉ ሳይፈላ ላፕቶፑ ሥራ ጀምሯል።

ግን ትረካዬን ከዚህ ላይ ቆርጣችሁ «አሮጌ ይጠገን» ብሏል አትበሉብኝ። ያቤሎ ደግሞ አንዲት ተማሪ አለች፤ ፕሮግራሚንግ መማር ትፈልጋለች። ላፕቶፗ ትንሽ፣ ቀጭን፣ ገና በአዲስነቱ የሚያምር ነው፤ በዕድሜ ከመምህሩ ላፕቶፕ ያንሳል። ክዳኑ ሲከፈት ግን ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ ቦርዱ ላይ የተበየደ 2 ጊጋ ራም፣ እንደዚሁ የተበየደ 32 ጊጋ ማከማቻ። ባዶ ማስገቢያ የለም። የዊንዶውስ ማሻሻያ ራሱ ቦታ አጥቶ ይመለሳል። እዚህ ላይ ምን ይጨመራል? ጥርስ የሚባለው ይኸው ነው። ለእሷ ትክክለኛው ምክር «ለጽሑፍ አስቀሪውና ሌላ ግዢ» ነው፤ የሚገዛውም ያገለገለ፣ የቢሮ ሞዴል፣ ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ የሆነ፣ ራሙ የሚነቀል ቢሆን ይመረጣል።

ስትገዛም በዓይኗ ሳታይ አትክፈል። ባዮሱ በፓስዎርድ የተቆለፈ እንዳይሆን ከፍታ ትግባ፤ የባትሪውን የጤና ሪፖርት ታስወጣ፤ ዲስኩ በወረቀት 1 ቴራ ተብሎ ውስጡ ሌላ እንዳይሆን እስኪሞላ ፋይል ጭና ትሞክር። ከሞያሌ ማዶ፣ ከኬንያ የመጣ ከሆነ የቻርጀሩ መሰኪያ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነው፤ ከእኛ ግድግዳ ጋር አይገጥምም፤ ልቅ ገጣጣሚ ከመሰካት ገመዱን መቀየር ይሻላል። መብራቱ ወጣ ገባ በሚልበት ከተማ ሁሉ ስታብላይዘር ከላፕቶፑ ጋር አብሮ ይታሰብ።

እንግዲህ ፍርዱ ይኸውላችሁ። የዘገየው ዲስኩ፣ ራሙ ወይም አቧራው ከሆነ ጠግኑ። የተበየደው ነገር ካነሰባችሁ፣ ቦርዱ ከሞተ፣ ወይም የጥገናው ሒሳብ የተሻለ ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋ ግማሽ ካለፈ ቀይሩ። የምትገዙት ኤስኤስዲ ላፕቶፑ ቢሞት እንኳ ለሚቀጥለው ይሆናል፤ ስለዚህ ብር ሲያጥር ከእሱ ጀምሩ። ከሁሉ በፊት ግን፣ ልትጠግኑም ሆነ ልትሸጡ፣ ካቻቪቴ ሳይነሳ ፋይላችሁን ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጉ። ላፕቶፕ ይገዛል፤ የጠፋ ፋይል ግን የሚሸጥበት ገበያ የለም።