ቤት ተቀመጡ ሲባል የወጡት

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና ቫይረስ ወደ አገራችን መግባቱ በይፋ ተነገረ። በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጨባበጥና መተቃቀፍ ቀረ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን የትንሣኤ በዓል ብዙዎቻችን ያሳለፍነው ከቴሌቪዥን ፊት ቁጭ ብለን ነው። እንደ አንዳንድ አገሮች ጨርሶ ከደጅ አትውጡ ባንባልም፣ በየአቅጣጫው የሚሰማው ቃል አንድ ነበር፦ ቤታችሁ ተቀመጡ።

በዚያ ሰሞን በየቤቱ ደጋግሞ የተነበበ፣ ከስልክ ወደ ስልክም የተላለፈ አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍል ነበር፤ መዝሙር 91። ስለ ቸነፈር ስለሚናገር፣ ስለ እግዚአብሔር ጥላና ስለሚጠብቁ መላእክት ስለሚናገር፣ በራችንን ዘግተን አነበብነው፤ ተጽናናንበትም። መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ጠዋት በራቸውን ከፍተው የሚወጡ ሰዎች ነበሩ። ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ የአምቡላንስ ሹፌሮች፣ የሕሙማንን ክፍል የሚያጸዱ እናቶች። ለእነርሱ መዝሙር 91 ምን ይላል? ቤት የተቀመጠውን የሚጠብቅ እግዚአብሔር፣ ወደ በሽታው የሚሄደውንስ?

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ከአምስት መቶ ዓመት ገደማ በፊት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አባቶች በቸነፈር መካከል ሆነው ተጠይቀውታል።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1527 ቸነፈር በጀርመን ወደምትገኘው ዊተንበርግ ከተማ ገባ። ዩኒቨርሲቲው ወደ የና ከተማ እንዲዛወር ተደረገ። የሳክሶኒው መስፍን ዮሐንስም ማርቲን ሉተር ቤተ ሰቡን ይዞ እንዲወጣ አዘዘው። ሉተር ግን አልወጣም። የከተማው መጋቢ ዮሐንስ ቡገንሃገንም አብሮት ቀረ። የሉተር ሚስት ካታሪና ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ልጃቸው ሃንስ ገና አንድ ዓመት አልፎት ነበር። ይኖሩበት የነበረው የቀድሞ ገዳም በሕሙማን ተሞልቶ እንደ ሆስፒታል ሆነ። የከተማይቱ ከንቲባ ሚስት በሉተር እጅ ላይ ነፍሷ ወጣች ማለት ይቻላል። የቡገንሃገን እኅትም ከወሊድ ጋር ተያይዞ በዚያው ቸነፈር ሞተች።

ሉተር ፍርሃት የማያውቅ ሰው ስለ ነበረ አይደለም የቆየው። በዚያው ዓመት ራሱ በጽኑ ታሞ ነበር፤ ነፍሱም በከባድ ጭንቀት ውስጥ አልፋለች። በዲሴምበር ሴት ልጃቸው ኤልሣቤጥ ተወለደች፤ ስምንት ወር እንኳ ሳትሞላ በማግስቱ ዓመት አረፈች። እንግዲህ ቤቱ የድል ዜና ብቻ የሚሰማበት ቤት አልነበረም።

በዚያ ጊዜ በብሬስላው ከተማ፣ በዛሬዋ ፖላንድ፣ የነበሩ አገልጋዮች በዮሐንስ ሄስ በኩል አንድ ጥያቄ ልከውለት ነበር፦ ክርስቲያን ከቸነፈር መሸሽ ይገባዋልን? ሉተር በደብዳቤ የሰጠው መልስ ዛሬም ቢነበብ የሚጠቅም ነው። መሸሽ በራሱ ኃጢአት አይደለም አለ፤ ሕይወትን ለማትረፍ መፈለግ እግዚአብሔር በሰው ውስጥ ያኖረው ነገር ነውና። ነገር ግን የሌላው ሰው ሕይወት በእጃቸው የተሰጠ ሰዎች አሉ፤ መጋቢዎች፣ የከተማ አስተዳዳሪዎች፣ ሐኪሞች፣ የሕፃናትና የሕሙማን ጠባቂዎች። እነዚህ ሌላ የሚተካቸው ሳይኖር ጥለው መሄድ አይገባቸውም። ቤተ ሰብም ለቤተ ሰቡ፣ ጎረቤትም ረዳት ላጣ ጎረቤቱ እንዲሁ ነው። ሕሙማንን የሚያስታምም የሕዝብ ሆስፒታል ቢኖር መልካም ነበር፤ በሌለበት ግን እኛው አንዳችን ለሌላችን ሆስፒታልና አስታማሚ መሆን አለብን ሲል ጻፈ።

አሁን ወደ መዝሙር 91 እንመለስ። ሉተር በዚህ ደብዳቤ መዝሙሩን የጠቀሰው ሕሙማንን የሚያገለግሉትን ለማጽናናት ነው። ለድኻ የሚያስብ ሰው በታመመ ጊዜ እግዚአብሔር በአልጋው ላይ እንደሚደግፈው መዝሙር 41 ይናገራል። ሉተር ይህንን ከመዝሙር 91 ጋር አያይዞ፣ እግዚአብሔር ራሱ የአስታማሚው አስታማሚ፣ የሐኪሙም ሐኪም እንደሚሆን አስተማረ። እኛ በተዘጋ በር ውስጥ ያነበብነው መዝሙር ለእርሱ ወደ ሕሙማን ክፍል ለሚገቡ ሰዎች የተሰጠ ስንቅ ነበር።

ደግሞም ይህን መዝሙር ሰይጣን እንደ ጠቀሰው አንርሳ። ጌታችንን ከመቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ፣ መላእክት ያነሡሃልና ራስህን ወርውር አለው። ጌታም እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት (ማቴ. 4፥5-7)። መዝሙሩ መላእክት የሚጠብቁት በመንገድህ ሁሉ ነው ይላል (91፥11)። ከመቅደስ ጫፍ መዝለል የማንም መንገድ አይደለም። ሉተርም መድኃኒትን የሚንቁ፣ ከሕሙማን መራቅ ሲችሉ ያለ ምክንያት የሚቀርቡ፣ እምነት አለን እያሉ በሽታን ለሌላው የሚያዛምቱ ሰዎችን እግዚአብሔርን ትፈታተናላችሁ ብሎ ገሥጿል። እርሱ ራሱ ቤቱን እንደሚያጥን፣ መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ባልተፈለገበት ቦታ እንደማይገኝ፣ ጎረቤቱ ሲፈልገው ግን ወደ ኋላ እንደማይል ገለጸ።

አገራችንም ሆስፒታል ሳይበቃ ወረርሽኝ ምን እንደሚያደርግ ታውቃለች። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያጥለቀለቀው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን መታ፤ ሕዝቡም የኅዳር በሽታ አለው። ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር፤ ተርፈዋል። ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ቤተ ሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲተኛ ውኃ የሚያቀብል ይጠፋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ሲታጠን ያደግን ሁሉ ያን ጊዜ እያስታወስን ነው።

በ2012 ግን ሆስፒታል ነበረን። ኤካ ኮተቤ ነበረ፤ በኋላም የሚሊኒየም አዳራሽ ማከሚያ ሆነ። ሆኖም አልጋ ብቻውን አያስታምም። በአገራችን ሰው ሲተኛ ዘመድ አብሮ ያድራል፤ ምግብ በሣህን ይመጣል፤ እናት ከአልጋው ሥር ታንቀላፋለች። በኮሮና ክፍል ይህ ሁሉ ተከለከለ። ስለዚህ ነርሶች እናትም፣ ወንድምም፣ ጸሎት አድራጊም ሆኑ። ከራስ እስከ እግር በሚሸፍን ልብስ ውስጥ ለሰዓታት ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ውኃ መጠጣትም ሆነ ወደ መጸዳጃ መሄድ ቀላል አይደለም። ታማሚው ዓይናቸውን እንጂ ፊታቸውን አያይም። የኦክስጅኑን መጠን ይከታተላሉ፣ ያገላብጡታል፣ ውጭ ለሚጨነቀው ቤተ ሰብ ስልክ ይደውላሉ። መርዶ ሲሆንም በዚያው ስልክ ነው።

ዲዩቲው ሲያልቅ ሌላ ሥራ ይጀምራል። ብዙዎች ለሳምንታት ከቤታቸው ተለይተው አድረዋል። ቤታቸው የሚገቡትም ጫማቸውን ከደጅ አውልቀው፣ ልብሳቸውን ለብቻ ዘፍዝፈው፣ ሊያቅፋቸው የሚሮጠውን ሕፃን «ቆይ፣ አትምጣ» እያሉ ነበር። በዕድሜ የገፋች እናት ያለቻቸው ከበር ላይ ሰላም ብለው ይመለሳሉ። በብዙ አገሮች እንደታየው ደግሞ፣ በቴሌቪዥን የሚጨበጨብላቸው ባለሙያዎች በሰፈራቸው የሚሸሹባቸው ሆኑ። ይህ እንግዲህ በመዝሙሩ ውስጥ ያለው መንገድ ነው፤ ቀን ከቀን የሚሄዱበት፣ ማንም የማያይላቸው መንገድ።

ወዳጆች፣ መንገዳችን አንድ ዓይነት አይደለም። በዚያ ወራት የአንዱ መታዘዝ ቤት መቀመጥ ነበር፤ ጎረቤቱን ላለመበከል ሲል የናፈቀውን ጉባኤ ትቶ በቤቱ ማምለኩ። የሌላው መታዘዝ ወደ ሕሙማን መግባት ነበር። ሁለቱንም የሚመዝናቸው አንድ ሚዛን ነው፤ ባልንጀራዬ አሁን ምን ያስፈልገዋል? ቤት የተቀመጠው እምነት አነሰው፣ የወጣው ደፋር ነው ብለን መፍረድ አንችልም። ሁለቱም በአንዱ እረኛ ጥላ ሥር ናቸው።

አንድ ነገር ግን አንርሳ። ጥበቃ ማለት አለመታመም ወይም አለመሞት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በዚያ አገልግሎት ላይ ሳሉ ያረፉት የጤና ባለሙያዎች ያልተጠበቁ ይሆኑ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ አፍሮዲጡ ሲጽፍ ስለ ክርስቶስ ሥራ ሲል ነፍሱን አደጋ ላይ እንደ ጣለ፣ ለሞትም እንደ ቀረበ ይናገራል፤ እንዲህ ያሉትን ሰዎች አክብሩ ብሎም ያዝዛል (ፊልጵ. 2፥25-30)። ክርስቶስ ራሱ በመንገዱ እስከ መስቀል ሄዶአልና፣ ሞት እንኳ ከእጁ አያወጣንም። ይህን የማታውቅ ወይም የምትጠራጠር ወዳጄ ካለህ፣ ወንጌል ማለት ይኸው ነው፤ እኛ ወዳለንበት በሽታ ራሱ የገባ ሐኪም።

ታዲያ ዛሬ ምን እናድርግ? ማስክ ከፊታችን ወርዷል፤ ድካማቸው ግን ከነርሶቻችን ትከሻ ሁሉ አልወረደም። በጉባኤያችን ውስጥ ከሌሊት ተረኝነት ወጥተው እሑድ ጠዋት በወንበር ላይ የሚያንቀላፉ አሉ፤ በትዝብት አንያቸው። ለአንዷ ቡና እናፍላ፤ የአንዱን ልጆች እንያዝለት፤ ያን ጊዜ ያየኸውን ንገረኝ ብለን እናዳምጥ። ስማቸውን ጠርተንም እንጸልይ።

አባት ሆይ፣ እኛ በተቀመጥን ጊዜ ስለ ወጡት እናመሰግንሃለን። አሁንም በየክፍሉ ለሚቆሙት ጉልበት ስጣቸው፤ ያለቀሱበትን ሌሊት አንተ አስብላቸው። ለእኛም የባልንጀራችንን በር የምናንኳኳበትን ፍቅር ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።