ጄኔሬተር በደጋ አገር፦ ከመግዛትና ከማስነሣት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በሰሜን ሸዋ ዞን ራቤልን በመሰሉ የግሼና የመንዝ ከተሞች የኤሌክትሪክ ኃይል ሲቋረጥ የፀጉር አስተካካዩም የልብስ ሰፊውም ሥራ ይቆማል፤ ተማሪው በሻማ ብርሃን ለማጥናት ይገደዳል። ብርቱ ነፋስ፣ መብረቅ፣ በሽቦ ላይ የሚወድቅ ባሕር ዛፍና ያረጀ የእንጨት ምሰሶ ለመቋረጡ ምክንያት ከሚሆኑት መካከል ናቸው። አቅም ያለው ነዋሪ ታዲያ በቤንዚን የሚሠራ ተንቀሳቃሽ ጄኔሬተር ይገዛል። መሣሪያው ጠቃሚ ቢሆንም በአግባቡ ካልተያዘ ሕይወት ይቀጥፋል።

በደጋ ጉልበቱ ይቀንሳል

ከባሕር ጠለል በላይ ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። አምራቾች በመመሪያቸው እንደሚገልጹት በየ300 ሜትሩ የሞተሩ ጉልበት 3 ነጥብ 5 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። በዚህ ስሌት 3 ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ከጉልበቱ ሲሦ ያህሉ ይታጣል። በመንዝ የጓሳ ምድር ደግሞ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ 2 ኪሎዋት ተብሎ የተገዛ ጄኔሬተር በደጋው 1 ነጥብ 3 ኪሎዋት ገደማ ቢሰጥ እንደ ብልሽት ሊቆጠር አይገባም።

አየሩ ሲሳሳ ነዳጁ በሞተሩ ውስጥ ከአየሩ ይበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ የነዳጅ ፍጆታውም ይጨምራል። ካርቡሬተሩን ለከፍታ ቦታ እንዲስማማ በባለሙያ ማስተካከል ይህን ይቀንሳል፤ የጠፋውን ጉልበት ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስም።

ምን ያህል ይሸከማል?

ከግዢ በፊት በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ዕቃዎች ዋት መደመር ያስፈልጋል። አንድ ኃይል ቆጣቢ አምፖል 10 ዋት ገደማ፣ ቴሌቪዥን እስከ 100 ዋት ይወስዳል። ማቀዝቀዣ ሲነሣ በመደበኛነት ከሚወስደው ብዙ እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚፈልግ በመሆኑ በአነስተኛ ጄኔሬተር እንጀራ መጋገር አይታሰብም። ፍላጎቱ አምፖልና የስልክ ቻርጅ ብቻ ለሆነ ቤተሰብ ደግሞ ነዳጅ የማይጠይቀው የፀሐይ ኃይል መሣሪያ የተሻለ አማራጭ ነው።

የማይታየው ገዳይ

ከጄኔሬተር ጭስ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ስለሚበልጥ ሰውን ሳይታወቀው ያዳክማል፤ በእንቅልፍ ላይ ያለውንም ሳይነቃ ይገድላል። በደጋው አደጋው ይከፋል፤ አየሩ አስቀድሞ ኦክስጅን ያነሰው ነው፣ በብርዱ ምክንያትም በርና መስኮት ይዘጋል።

ስለሆነም ጄኔሬተርን በመኖሪያ ክፍል፣ በወጥ ቤት፣ በሱቅ ጓዳም ሆነ በረንዳ ላይ ማስነሣት አይገባም። መስኮት መክፈትም በቂ መከላከያ አይደለም። መሣሪያው ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ መውጫው ከበርና ከመስኮት በተቃራኒ ዞሮ መቀመጥ አለበት። ከሌባና ከዝናብ ለመጠበቅ ሲባል ወደ ቤት ማስገባት ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው፤ በሰንሰለት ማሰርና ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጥላ ውጭ ማበጀት ይሻላል።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት የመመረዝ ምልክቶች ናቸው። ምልክቱ የታየበትን ሰው ወዲያውኑ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል። በደንብ ያልነደደ ከሰል በተዘጋ ቤት ሲቀመጥም የሚያደርሰው ጉዳት ይኸው ነው።

ከግድግዳ ሶኬት ጋር አያገናኙ

አንዳንዶች ከጄኔሬተሩ የመጣውን ገመድ በግድግዳ ሶኬት ላይ ሰክተው ቤቱን በሙሉ ያበራሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ነው። ኃይሉ በቆጣሪው በኩል ወደ መንገዱ መስመር ይወጣል፤ ትራንስፎርመሩም በተቃራኒው ሠርቶ 220 ቮልቱን ወደ 15 ሺህ ቮልት ሊያሳድገው ይችላል። መስመሩ ኃይል የለውም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣ ሠራተኛ ሕይወቱን ያጣል። መብራቱ በድንገት ሲመጣም ጄኔሬተሩ ሊቃጠል ይችላል።

ትክክለኛው መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ዕቃዎቹን በቂ ውፍረት ባለው ገመድ በቀጥታ ከጄኔሬተሩ ጋር ማገናኘት ነው። ሁለተኛው፣ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከአንድ ምንጭ ብቻ ኃይል እንዲያገኝ የሚያደርገውን ቼንጅ ኦቨር በባለሙያ ማስገጠም ነው።

ነዳጅና እንክብካቤ

ቤንዚን የሚጨመረው ሞተሩ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። የተረፈው በደንብ በሚከደን ዕቃ፣ ከምድጃ፣ ከሻማና ከልጆች ርቆ ከመኖሪያ ቤት ውጭ ይቀመጣል። የሞተር ዘይት በተነሣ ቁጥር ይታያል፤ በአምራቹ መመሪያ መሠረትም ይቀየራል። ጄኔሬተሩ ለወራት የማይሠራ ከሆነ ቤንዚኑ በካርቡሬተሩ ውስጥ እንዳይደርቅ ማስወጣት፣ ወይም በየወሩ ጥቂት ደቂቃ ማሠራት ይመከራል።

የወደቀ ምሰሶ ወይም የተበጠሰ ሽቦ ያየ ሰው ሳይጠጋ በአቅራቢያው ለሚገኘው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ቅርንጫፍ ማሳወቅ ይኖርበታል። ከሰፈሩ ጄኔሬተር ያለው ቤት ካለም ይህንኑ አብሮ መናገር የጥገና ሠራተኞቹን ሕይወት ይታደጋል።